አካፋ የማይገባበት ቦይ

የነሲባ አባት ልብ ላይ የገዛ እግሩ ደም ስር ተሰፍቷል። በቃ! ይሄን ከሰማች ጀምሮ ነሲባ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ወላሂ አልቻለችም! ሰው እንዴት የእግሩን ቁራጭ ልቡ ላይ ይዞ ይዞራል? ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እሱን ታስባለች፣ ምሳ እየበላች እሱን ታስባለች፣ መርሳ ገበያ ቲማቲም እየመረጠች ድንገት ቆም ብላ የራሷን ባት ትዳብሳለች፣ ሻጯ ደግሞ «ምን ነካሽ፣ ጉንዳን ነው?» ትላታለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቷ የአብዱልሐሊም ልብ የምትጠጣበት ቧንቧ ተዘጋ። አዎ፣ ልብም ራሷ ደም ትጠጣለች፣ ነሲባም ይሄን ስትሰማ ነው አፏን የያዘችው። አዲስ አበባ ወስደው አስተኙትና ሐኪሞቹ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ቀደው ረጅም ደም ስር አወጡ፣ ከዚያ የተዘጋውን ቦታ አልፎ እንዲሄድ አድርገው ልቡ ላይ ሰፉት። ድልድይ ሲሰበር በጎን በኩል እንደሚወጣው ተለዋጭ መንገድ ማለት ነው።

«አባዬ፣ እስቲ ሱሪህን ሰብሰብ አድርገው።»

«ትናንት አየሽው አይደል?»

«ዛሬም ልየው! ትናንት ቀይ ነበር፣ ዛሬ ቢቀየርስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጠባሳ እኮ ነው፤ እንደ ማንጎ ይበስላል ብለሽ ነው የምትጠብቂው?»

ግን ይሰበስብላታል። እሷም ተንበርክካ ታያለች። ከሁሉ ከሁሉ ያሳበዳት ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪዋ የነገራት ነው፦ እግር ውስጥ ያለው ደም መልስ፣ ማለትም ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ደም ስር፣ ውስጡ ትንንሽ በሮች አሉት። ደሙ ወደ ላይ ሲሄድ ይከፈታሉ፣ ወደ ታች ልመለስ ሲል ይዘጋሉ። ስለዚህ ሐኪሞቹ ልብ ላይ ሲሰፉት ገልብጠው ነው! ተገልብጦ! ካልተገለበጠ በሮቹ ደሙን አያሳልፉትም። ነሲባ ይሄን የሰማች ቀን ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ሮጠች። ደርሳ «አባዬ! የእግርህ ደም ስር ልብህ ላይ በጭንቅላቱ ቆሟል!» ስትል እናቷ ዘይነባ የያዘችውን ሰፌድ ጣለች።

አባቷ ግን አልደነገጠም። አገጩን አሸት አሸት አደረገና «ልክ ናቸው» አለ። «በር የሚዘጋው በአንድ ወገን ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የማደርገው።»

ምክንያቱም አብዱልሐሊም የውሃ አባት ነው። መርሳ አካባቢ መስኖ ያለው ሰው የውሃ አባት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለማያውቅ ግን፦ ከወንዙ ተጠልፎ በዋናው ቦይ የሚመጣውን ውሃ ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስነው እሱ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ተሰብስቦ መረጠው፣ ከዚያ ወዲህ እሱ «ዛሬ ያንተ ተራ ነው» ካለ ነው፣ «አይደለም» ካለም አይደለም። ከጠለፋው ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሽንኩርት መደብ ድረስ በእግሩ እየሄደ፣ በየቦዩ በር እያጎነበሰ፣ ጭቃ እየነካካ የኖረ ሰው ነው። ጆሮውን ብቻ አቁሞ የቱ ጋ እንደሚያፈስ ይናገራል።

እንግዲህ ይሄ ሰው ነው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ የገባው። ሐኪሞቹ «ቀስ በቀስ ተራመድ» ብለውት ነበር። እሱ ደግሞ «ቀስ በቀስ» የምትለዋን ብቻ ይዞ መጣ።

«ነሲባ፣ ነይማ» አላት አንድ ቀን ከማንጎው ሥር ተቀምጦ። «አዲስ ቦይ ስትቆፍሪ ውሃውን በአንዴ ትለቂበታለሽ?»

«አልለቅም።»

«ለምን?»

«ይንደዋላ!»

«እህ። መጀመሪያ ቀጭን ውሃ ነው የሚለቀቀው። አፈሩ ይጠጣል፣ ይረጥባል፣ ይጠብቃል። ይሄ የእግር ደም ስር ደግሞ ለስላሳ ነው፣ የለመደው ዝግ ያለ ውሃ ነው። ልብ ላይ ሲሰፉት የክረምት ወንዝ ነው የለቀቁበት። እኔ እንግዲህ ቀስ ብዬ ነው የማለማምደው።»

ነሲባ በደስታ ልትበር! እንዴት ያለ ነገር ነው! አባቷ አዲስ አበባ ያሉትን ሐኪሞች ሥራ በቦይ አስረዳት እኮ! በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጓደኞቿን ሰብስባ «የአባቴ ልብ አዲስ ቦይ ነው» እያለች አወራች፣ እነሱም «ማሻአላህ» አሉ፣ «ሲያስፈራ» አሉ፣ አንዷ ደግሞ አለቀሰች።

ማለማመድ የተባለው ግን ምን ሆነ? መቀመጥ ሆነ። አብዱልሐሊም ከአልጋው ወደ ማንጎው ሥር፣ ከማንጎው ሥር ወደ መስገጃው፣ ከመስገጃው ወደ አልጋው። አለቀ። ውሃ እንኳን በትንሿ የሻይ ብርጭቆ ነው የሚጠጣው፣ ብዙ ከጠጣ ቦዩ ይሞላላ! መድኃኒቱን ግን አንድም ቀን አላጎደለም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ነው «አምጡልኝ» የሚለው። ጠያቂውም ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «አብሽር፣ አትነሳ፣ አትነሳ» ይለዋል። እሱም አይነሳም። ውሃ ነክ በሆነ ነገር ከውሃ አባት ጋር ማን ይከራከራል?

ሳምንታት ሄዱ። ነሲባ ቀስ በቀስ ነገሮች ማየት ጀመረች። አባቷ ውዱእ ሊያደርግ ሲነሳ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ማታ ማታ እግሩ ያብጣል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ቀልዱ አለቀ። ዘይነባ ልታስቀው ብላ «ሰውዬ፣ ከተቀመጥክበት ካልተነሳህ ከማንጎው ጋር አብረህ ሥር ልትሰድ ነው» ስትለው «እህ» ብሎ ዝም አለ። አብዱልሐሊም! መልስ አጥቶ! ዘይነባ ዞር ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ ነሲባ አየቻት።

አንድ ቅዳሜ አበባው መጣ። አበባው ጎረቤታቸው ነው፣ ማሳው ከቦዩ መጨረሻ ላይ ነው፣ አብዱልሐሊም ከታመመ ወዲህ እሱን ተክቶ ውሃውን የሚያየው እሱ ነው።

«ጋሽ አብዱልሐሊም፣ እንደምን አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ውሃውስ?»

«ኧረ ውሃው ተበላሽቷል! አንቱ ከተቀመጡ ወዲህ ሁሉም በሩን ገርበብ ነው የሚያደርገው። ላዩ የራሱን ቀድቶ ለታቹ ቀጭኗን ይለቃል። ሰው አይሰማኝም። ‹አንተ ማን ነህ?› ይሉኛል።»

«ማን አለህ?»

«ኧረ ይተዉት፣ ከነገርኩዎ ይበሳጫሉ፣ ልብዎ ደግሞ...» አለና አበባው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ፣ የራሱ ልብ የታመመ ይመስል።

ነሲባ ከአበባው ጋር ወደ ቦዩ ሄደች። ለምን እንደሄደች እንጃ፣ እግሯ ወሰዳት። የታችኛው ቦይ ጋ ሲደርሱ ዓይኗን ማመን አቃታት። ድሮ ትንሽ ልጅ ሆና እግሯን ስትነክር እስከ ጉልበቷ ይደርስ የነበረው ቦይ አሁን ቁርጭምጭሚቷን አያርስም። ደለል ሞልቶበታል። አበባው ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና በአካፋ ይዝቅ ጀመር፤ እያንዳንዱ አካፋ ቷ እያለ ዳሩ ላይ ያርፋል።

«ጋሽ አበባው፣ ይሄ ሁሉ አፈር ከየት መጣ?»

«ከውሃው ነዋ። ውሃ ሲሮጥ አፈሩን ተሸክሞት ያልፋል። ሲያዘግም ግን እያራገፈው ነው የሚሄድ።»

ነሲባ ቆመች። በቃ ደረቀች። «ጋሽ አበባው... ደምም እንደዚህ ነው?»

«የምን ደም?»

«የአባዬ።»

አበባው አካፋውን ተደግፎ አያት። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ሽንኩርት ነው።»

ቤት እስክትደርስ መቼም አልቻለችም። ገና ከበሩ «አባዬ፣ ውሃ ቀስ ሲል ደለል ይጥላል አይደል? አንተ ደሙን ቀስ እያደረግከው አይደል? ታዲያ ደለል ቢጥልስ?»

«ደም ውስጥ ደለል የለም።»

«እሺ፣ የመጀመሪያው ታዲያ በምን ተዘጋ?»

አብዱልሐሊም ፊቱን አኮሳተረ። «ሂጂ ጥናትሽን አጥኚ።»

ዘይነባ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት። ትቆጣለች ብላ ስትጠብቅ እናቷ በሹክሹክታ «እውነትሽን ነው?» አለቻት።

«አላውቅም እማዬ።»

«ይሄም ከተዘጋ ሰውዬው እንደገና ይቀደዳል እንዴ? ያኔ እንኳ ስንቱን ዱዓ አድርገን ነው የተመለሰልን። ሁለተኛ አይችልም፣ ነሲባ። እኔም አልችልም።»

ያን ቀን ነው ነሲባ መጀመሪያ የፈራችው። እስካሁን ጠባሳውም፣ የተገለበጠው ደም ስርም፣ በሮቹም እንደ ጨዋታ ነበሩ። አሁን ግን እዚያ ማንጎ ሥር የተቀመጠው አባቷ ነው፤ ውስጡ ያለው ቦይ ደግሞ እየጠበበ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም።

ወልድያ ቀጠሮው ደረሰ። እናቷ «አንቺ ነሽ አብረሽው የምትሄጂው፣ አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ» አለቻት። ሚኒባሱ መስኮት ጋ ተቀመጡ። ሌላ ጊዜ ሲሪንቃ ሲደርሱ አብዱልሐሊም አንገቱን አውጥቶ የምርምር ማዕከሉን ማሽላ አይቶ «ይሄ ዘንድሮ ውሃ አልጠገበም» ምናምን ይላል። ዛሬ መኪናው ኮረኮንች በነካ ቁጥር ደረቱን ይይዛል እንጂ ቀና ብሎም አላየ። ወልድያ መናኸሪያ ወርደው፣ የቀጠሮው ሆስፒታል ይታያል እኮ፣ እዚያው ነው፣ እሱ ግን «ባጃጅ ጥሪ» አለ። ባጃጁ ነጂም «አባቴ፣ ይቺ እኮ...» ብሎ ጀመረና የነሲባን ዓይን አይቶ ዝም ብሎ ጫናቸው።

ሐኪሟ ዶክተር ፍሬሕይወት ገና ወጣት ናት፣ ድምፅዋ ግን እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ያለ። ግፊቱን ለካች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ እግሩን ጫን ጫን አድርጋ አየች። «ጋሼ፣ በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ?»

«በልኩ ነው» አለ አብዱልሐሊም።

በልኩ! ነሲባ አፏን ልትይዝ ሞከረች፣ ወላሂ ሞከረች። «አይራመድም ዶክተር! ቁጭ ነው የሚለው! አዲስ ቦይ ነው ብሎ፣ ቀጭን ውሃ ነው የሚለቀቀው ብሎ፣ ውሃም በሻይ ብርጭቆ ነው የሚጠጣው፣ እኔ ደግሞ ደለል ይሞላበታል ብዬ ፈራሁ፣ እሱ ደግሞ ደም ደለል የለውም አለ፣ እና... እና እንደዚያ ነው።» ትንፋሽ አጠራት።

አባቷ በዓይኑ ፈጃት። ዶክተር ፍሬሕይወት ግን አልሳቀችም። ወንበሯን ወደ እነሱ ሳብ አደረገች። «የምን ቦይ ነው? እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ።»

እሱም ነገራት። መጀመሪያ እየተኮሳተረ፣ ኋላ ግን እጁን እያወናጨፈ፣ አፈሩ እንዴት እንደሚጠጣ፣ ዳሩ እንዴት እንደሚጠብቅ። እሷ አዳመጠች፣ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች።

«ግማሹ እውነት ነው» አለች ሲጨርስ። «እንዲያውም ከግማሽ በላይ። ይሄ ደም ስር እግር ላይ እያለ የለመደው ትንሽ ግፊት ነው። ልብ ላይ ሲሰፋ ብዙ እጥፍ ግፊት ነው የመጣበት። ተለጠጠ።» የሐኪም ጓንት አነሳችና ነፋችው፤ ጣቶቹ ተወጥረው እንደ ላም ጡት ቆሙ። «እንደዚህ። ስለዚህ ግድግዳው ለመቋቋም ራሱን ያወፍራል። ትንሽ መወፈሩ ጥሩ ነው፣ ያጠነክረዋል። እርስዎ ‹ይጠብቃል› ያሉት እሱ ነው።»

አብዱልሐሊም ነሲባን አየት አደረጋት፤ አየሽ? እንደማለት።

«ግን ደም መግፋት ብቻ አይደለም ሥራው። እጅሽን ስጪኝ» አለቻት ነሲባን። ክንዷን ከክርኗ ጀምራ እስከ ጣቷ በአንድ ወገን ለስለስ አድርጋ አሻሸችው። «ሲፈስም ግድግዳውን እንዲህ እየዳበሰ ነው የሚያልፈው። የደም ስሩ ውስጠኛ ልባስ ይሄ መዳበስ ይሰማዋል። ደህና አድርጎ ሲፈስበት ልባሱ ይረጋጋል፣ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ፍሰቱ ሲደክም ግን ይረበሻል፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ መወፈሩን አያቆምም። ነገር ይለጠፍበታል። መንገዱ ይጠባል።»

«ደለል!» አለች ነሲባ።

«ደለል እንኳ አይደለም። ደለል ከውሃው ነው የሚመጣው። እዚህ ቦዩ ራሱ ነው ወደ ውስጥ የሚያድገው።»

ነሲባ ፀጉሯ ቆመ። ቦዩ ራሱ! ወደ ውስጥ! እንዴት አንድ ግድግዳ መገፋቱንም መዳበሱንም ለይቶ ያውቃል? ጣት የለው፣ ዓይን የለው! አሥር ጥያቄ በአንዴ ምላሷ ላይ መጣ፣ ግን የአባቷን ፊት አየችና ዋጠችው።

አብዱልሐሊም የተቀደደ እግሩን ዳበሰ። ከዚያ «እኛ ቦይ ሲሞላ በየዓመቱ እንጠርጋለን» አለ። «ወጣቱ ይወጣል፣ አካፋ ይይዛል፣ በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል። ይሄስ በምን ይጠረጋል?»

«አካፋ አይገባበትም ጋሼ» አለች ዶክተሯ። «አዲስ አበባ በቀጭን ሽቦ ገብተው የሚሞክሩት ነገር አለ፣ ሁልጊዜ ግን አይሆንም። እንደ እናንተ ቦይ ጠርጎ አዲስ ማድረግ የለም። የሚሻለው እንዳይጠብ ማድረግ ነው። መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው፣ ጎበዝ ነዎት። መራመድ ግን የእርስዎ ነው፤ እኔ ልራመድልዎ አልችልም። ውሃም ይጠጡ።»

መሳቢያዋን ከፍታ ጫፏ እንደ እስክሪብቶ የሆነች ትንሽዬ መሣሪያ አወጣች፣ በአብዱልሐሊም ያልተቀደደ እግር ጫፍ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ አስጠጋቻት። ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ሆነ። ሽው... ሽው... ሽው...

አብዱልሐሊም ዓይኑን ጨፈነ። ነሲባ ያንን ፊት ታውቀዋለች! ቦዩ ዳር ሲቆም የሚያሳየው ፊት ነው። «ይሄ የኔ ነው?»

«የእርስዎ ደም ነው።»

«ሰንፏል» አለ በዝግታ። «የመጨረሻው መደብ ላይ የደረሰ ውሃ ነው የሚመስለው።»

«እስቲ ኮሪደሩን ሄደው ይመለሱ። ሳይሮጡ።»

ወጣ። ነሲባ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ መጀመሪያ ግድግዳ ግድግዳውን፣ ኋላ መሃል መሃሉን። ሲመለስ ትንሽ አልቦታል። ዶክተሯ እንደገና አስጠጋች። ሽዋ! ሽዋ! ሽዋ! ነሲባ ዘልላ አጨበጨበች፣ ከውጪ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩ።

«ልቤ ላይ ያለውንስ?» አለ አብዱልሐሊም። «እሱን አሰሚኝ።»

«እሱ በዚህ አይሰማም፣ ጥልቅ ነው። ደህና ይሆናል ብዬ ልምልልዎም አልችልም። እግርዎ የሰማውን ግን እሱም ይሰማል። ከባድ አይሸከሙ፣ ደረትዎን ካመመዎ ይቁሙና ወደኛ ይምጡ። የቀረው መራመድ ነው።»

ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ አባቷ አንድ ቃል አልተናገረም። ነሲባ በጥያቄ ልትፈነዳ! ግን የአባቷ ዝምታ የንዴት ይሁን የሐሳብ አልለይ አላት። የውሃ አባት ሆኖ በውሃ ነገር መሳሳት ቀላል ነው እንዴ? ሲሪንቃን አለፉ። መርሳ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ የሽንኩርቱ ማሳ ከመንገዱ ሥር መታየት ሲጀምር፣ «ወራጅ አለ!» አለ አብዱልሐሊም።

«አባዬ? ቤት ገና ነን እኮ!»

«አውቃለሁ የት እንደሆንን።»

ወረዱ። ሚኒባሱ አቧራውን ጥሎባቸው ሄደ። አብዱልሐሊም የቦዩን ዳር ይዞ መራመድ ጀመረ፣ ነሲባም ከኋላ። ማሳ ውስጥ ያሉ ሰዎች ቀና ቀና አሉ። አንዷ ሴትዮ «ኧረ የውሃ አባት ናቸው!» ስትል ሰማች። ነሲባ ልቧ በደስታ ሊወጣ ደርሶ ሳለ፣ አባቷ ድንገት ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ቦዩ ዳር ቁጭ አለ።

«አባዬ! አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ይመታል» አለ። «ልቤ። ሲመታ ይሰማኛል። ነሲባ፣ እኔ አዲስ ቦይ ሲፈነዳ አይቻለሁ። ዳሩ መጀመሪያ ላብ እንደሚያልበው ሰው እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ከዚያ ድፍት ነው። ማንም አይዘውም። ይሄም ቢፈነዳስ?»

የባዮሎጂ አስተማሪዋም ይሄን አልነገራትም። አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም ነበር። አጠገቡ ተቀመጠች። «አላውቅም አባዬ» አለች። ቦዩን አየች። ፊት ለፊታቸው አንድ በር አለ፣ ሰው በጭቃና በሳር ድፍን አድርጎ የዘጋው፤ ከበሩ ወዲህ ውሃው ተኝቶ፣ ሞልቶ፣ ዳሩን ታክኮ ቆሟል።

«አባዬ...»

«አቤት።»

«ቁጭ ስትልም ልብህ ይመታል አይደል?»

«አዎ እንጂ፣ ባይመታማ አልኖርም።»

«እና ግፊቱ ማንጎው ሥርም ነበር ማለት ነው? ያኔ ሁሉ? ቁጭ ብለህ ያስቀረኸው እኮ መግፋቱን አይደለም። መሮጡን ብቻ ነው።»

አብዱልሐሊም ዞሮ አያት። ከዚያ የተዘጋውን በር አየ፣ ከበሩ ወዲህ የቆመውን ውሃ አየ። ብዙ አየ።

«ቆሞ የሚገፋ ውሃ» አለ ቀስ ብሎ። «ዳር የሚንደው እሱ ነው። የሚሄደውማ ምን ያደርጋል፣ ይሄዳል።» ከንፈሩን ነከሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። «አይ አብዱልሐሊም! ይሄን ያህል ጊዜ በሩን ዘግተህ ከኋላው ቆመሃል!»

እጁን ዘረጋላት፣ ስባ አስነሳችው። ሄደና ጎንበስ ብሎ የበሩን ጭቃ በእጁ ይቦጭቅ ጀመር፤ ነሲባም «ከባድ ነገር አትንካ!» ብላ ገፋ አድርጋው ራሷ ገባችበት፣ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ውሃው መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለ፣ ከዚያ በአንዴ ወጣና እግሯን እየገፋ ወደ ታች ሄደ። ከታች ማሳ አበባው እየሮጠ መጣ።

«ማን ነው በሩን የከፈተ? ዛሬ እኮ የላይ ሰዎች ተራ...» አለና የቆመውን ሰው አይቶ ቀጥ አለ። «ጋሽ አብዱልሐሊም! በእግርዎ?»

«በማን እግር ልምጣ ታዲያ?»

አበባው ሳቀ፣ ነሲባ ሳቀች፣ አብዱልሐሊም ራሱ ሳቀ፣ አይገርምም? «ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ» አለ። «ይሄን በር የደፈነውን ሰው ነገ እኔ ዘንድ ጥራው። ማንጎው ሥር አይደለም። ጠለፋው ላይ፣ እዚያ ነኝ። ያ ጀሪካን ውሃ ነው? አምጣው እስቲ።»

ጀሪካኑን ተቀብሎ ጠጣ። ያለ ብርጭቆ፣ እየተንቆረቆረ፣ ጢሙ እስኪርስ ድረስ። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። መጀመሪያ እሷን እየጠበቀ ነበር፣ ኋላ ኋላ ግን ጭቃ የያዘው ጫማዋ እያዳለጣት ወደ ኋላ ቀረች፣ እሱም ሳይዞር መናገር ጀመረ።

«ነሲባ! ሰው ሲተኛስ? ሌሊቱን ሙሉ ተኝተሽ ደሙን ማን ነው የሚያስኬደው? ያኔስ ያ ልባስ ያለችው አይረበሽም?»

ነሲባ መሃል መንገድ ቆመች። ያ ረቢ! ይሄን እኮ አላሰበችውም!

«አላውቅም!» ብላ ጮኸች፣ በደስታ። «ግን እጠይቃታለሁ! ሌላም አለኝ አባዬ፣ ቆይ፣ ቆየኝማ!»

እሱ ግን አልቆየም።